ማን መሰከረልሽ?

ሐምሌ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በዚህ ሰሞን መሥሪያ ቤቶች አዲስ መደብ ይከፍታሉ፤ ጋዜጦችና የቴሌግራም ቻናሎች በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይሞላሉ። ጉለሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ሳሎን፣ ሁለት ሴቶች አንዲት ገጽ ወረቀት ላይ አጎንብሰዋል። አንደኛዋ ሠፈሩ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው እናት ናቸው። በ1977 ዓ.ም. የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆነው ተቀጥረው፣ በ2015 ዓ.ም. የሰው ሀብት ኃላፊ ሆነው ጡረታ ወጡ። ሲገቡ የክፍሉ ስም «ሠራተኛ አስተዳደር» ነበር፤ ቆይቶ «የሰው ኃይል» ተባለ፤ ሲወጡ «የሰው ሀብት» ሆኖ ነበር። በ38 ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ማመልከቻ እንዳነበቡ ቆጥረው አያውቁም።

ሌላዋ የጎረቤት ልጅ ናት። በማኔጅመንት ዲግሪዋን ይዛ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሠርታለች። አሁን ከ400 በላይ ሠራተኞችን በሦስት ፈረቃ የሚያሠራ አንድ የምግብ ፋብሪካ የሰው ሀብት ባለሙያ ይፈልጋል። ማመልከቻዋን ጽፋ፣ እትዬ እንዲያዩላት ይዛው መጥታለች።

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጫፉ በምላጭ የተቀረጸ እርሳስ አንስተው፣ የመጀመሪያውን አንቀጽ ጮክ ብለው አነበቡት። «በድርጅታችሁ በወጣው ክፍት የሥራ መደብ ላይ ለመወዳደር ያለኝን ከፍተኛ ፍላጎት የምገልጸው በታላቅ ትህትና ነው። እኔ ታታሪ፣ ታማኝ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ከሰው ጋር በቀላሉ የምግባባ፣ የሥራ ጫና መቋቋም የምችልና በቡድን መሥራት የምወድ ነኝ።» አንብበው ሲጨርሱ በየባሕርዩ ሥር አንዳንድ ነጥብ አኖሩ። ስድስት ነጥብ ሆነ።

እትዬ፦ ስድስት ብርታት አለሽ ማለት ነው። ጥሩ። ማን መሰከረልሽ?

ወጣቷ፦ እንዴት ማለት?

እትዬ፦ ታታሪ መሆንሽን ማን አየ? የት? መቼ? እኔ ከእናትሽ ጓዳ ጀምሮ ስለማውቅሽ አምናለሁ። ያ ፋብሪካ ግን አያውቅሽም። ጠረጴዛው ላይ መቶ ወረቀት ተከምሯል እንበል፤ በመቶውም ላይ «ታታሪ ነኝ» ተብሎ ተጽፏል። በሥራ ዘመኔ «ሰነፍ ነኝ» ብሎ ያመለከተ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

ወጣቷ፦ ጠንካራ ጎንሽን አሳዪ ይባላል እኮ። ማስታወቂያው ራሱ «ጥሩ የመግባባት ችሎታ» ይላል።

እትዬ፦ ይላል። እሱ የጠየቀሽን ቃል መልሰሽ ስትሰጪው ግን ምን ጨመርሽለት?

ወጣቷ ወረቀቷን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ የተናገረችው ነገር፣ በየቢሮው የሚከመሩት ማመልከቻዎች ለምን አንድ ዓይነት እንደሚሆኑ ከማንም በተሻለ ያስረዳል።

ወጣቷ፦ እውነቱን ልንገርዎት እትዬ፣ ራሴን ማሞገስ ያሳፍረኛል። እነዚህን ቃላት ከጓደኛዬ ማመልከቻ ነው የገለበጥኳቸው። የሰው ቃል ሲሆን ስለ እኔ የተጻፈ አይመስለኝም፤ ስለዚህ አያሳፍረኝም። እናቴም «ዝም ብለሽ ሥሪ፣ ሥራሽ ይመስክርልሽ» ነው የምትለኝ።

እትዬ፦ እናትሽ ልክ ናት። ሥራሽ ይመስክር! ወረቀቱ ላይ ታዲያ ሥራሽ የታለ? እዚህ ያለው ስምሽና ስድስት ቃል ነው። ሥራሽን አምጪውና እሱ ይናገር።

አማርኛ ተናጋሪ ራሱን ማወደስ አያውቅበትም የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ እውነት አይደለም። ፉከራና ሽለላ ያለው ሕዝብ እንዴት አያውቅበትም? ፎካሪ በአለቃው ፊት ቆሞ፣ የዘሩንና የፈረሱን ስም እየጠራ፣ የዋለበትን ይናገር ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው» የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ከዘመቻ መልስ ደግሞ ጀግናው ግዳይ ይጥላል፤ የሠራውን የሚያሳይ ነገር አምጥቶ በአለቃው እግር ሥር ያኖራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው አብረውት የዘመቱ ሰዎች እየሰሙ ነው።

እትዬ፦ አያቴ አርበኛ ነበሩ። በልጅነቴ በሠርግ ላይ ሲፎክሩ ሰምቻለሁ። «ጎበዝ ነኝ» ብቻ ብለው አልተቀመጡም። የትኛው ወንዝ ማዶ እንደነበሩ፣ ከማን ጋር እንደነበሩ፣ ምን ይዘው እንደተመለሱ ይናገራሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌ ያን ቀን አብረው ነበሩና ቢዋሹ ያርሟቸዋል። የሥራ ማመልከቻም ከዚህ አይርቅም። ቦታውን፣ ሥራውን፣ የመጣውን ለውጥ ጻፊ፤ ስትጽፊም አብሮሽ የሠራ ሰው አጠገብሽ ቁጭ ብሎ እንደሚሰማሽ አድርገሽ ጻፊ።

ወጣቷ፦ የምጽፈው ነገር የለኝማ። ፋብሪካው ውስጥ የምሠራው ተራ ሥራ ነው።

እትዬ፦ ጠዋት ገብተሽ ምን ትሠሪያለሽ?

ወጣቷ፦ ማህደር ነው። ፈቃድ የሚፈልግ ይመጣል፣ ቅጽ ይሞላል፤ ቀሪ ቀኑን አይቼ ለኃላፊዬ አቀርባለሁ። በወሩ መጨረሻ የሰዓት ፊርማውን ከፔሮል ጋር አመሳክራለሁ።

እትዬ፦ ቀሪውን ከየት ነው የምታዪው?

ወጣቷ፦ አሁንማ ከኤክሴል ነው። መጀመሪያ ስገባ ከየሰዉ ማህደር ነበር። ማህደሩ ይወጣል፣ የወሰዳቸው ፈቃዶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ አንዳንዱ ቅጽ ተገንጥሎ ሌላ ሰው ማህደር ውስጥ ይገኛል። መልስ ለማግኘት ሠራተኛው ሦስት አራት ቀን ይመላለስ ነበር።

እትዬ፦ ኤክሴሉን ማን ሠራው?

ወጣቷ፦ እኔ። ማለቴ፣ ከመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጋር ነው። እሷ ማህደሩን ታነብልኛለች፣ እኔ አስገባለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየገባን ሁለት ወር ፈጀብን።

እትዬ፦ የስንት ሰው?

ወጣቷ፦ የ312 ሰው መሰለኝ።

እትዬ፦ አሁንስ አንድ ሰው ፈቃድ ሲጠይቅ?

ወጣቷ፦ እዚያው ቆሞ ይነገረዋል።

እትዬ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ይኼን ሁሉ ትተሽ ነው ‹ታታሪ ነኝ› ያልሽኝ?» አሏት።

ሥራው ተራ ላለመሆኑ ሕጉን ማየት ይበቃል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አገልግሎት አንድ የሥራ ቀን ይጨመርለታል። ሦስት መቶ ሰው በሦስት መቶ የተለያየ ቀን ሲቀጠር የእያንዳንዱ ሂሳብ ይለያያል። ሠራተኛው ሲሰናበት ደግሞ ያልወሰደው ፈቃድ ወደ ገንዘብ ይለወጣል። ስለዚህ ያቺ «ተራ» ሰንጠረዥ የሰው ዕረፍትም፣ የሰው ብርም፣ የድርጅቱም ዕዳ የሚነበብባት ናት። ይህን የሠራች ሰው ሥራዋ ተራ እንደሆነ አምና መኖሯ ያሳዝናል። ከሠራተኛ አስተዳደር የሚወጡ ብዙ ሰዎች ግን እንዲህ ናቸው፤ ሲሠራ የማይታይ፣ ሲበላሽ ብቻ የሚጮህበት ሥራ ስለሚሠሩ ለራሳቸውም አይታያቸውም።

ወጣቷ፦ የሥራ ልምድ ማስረጃዬን አያይዤ የለም? እዚያ ላይ ይታይ የለም?

እትዬ፦ ማስረጃሽን አውጪው እስቲ።

ከክላሰሯ አወጣችው። ማኅተም ያለበት ግማሽ ገጽ ነው፤ የሥራ መደቧን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምትሠራና ደመወዟን ይገልጻል። ሕጉም ከአሠሪው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አዋጁ ሠራተኛው ሲጠይቅ ወይም የሥራ ውሉ ሲቋረጥ፣ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚያሳይ ማስረጃ አሠሪው ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። እንዴት እንደሠራ ግን የግድ አይጻፍም።

እትዬ፦ አየሽ? ሁለት ዓመት ከአራት ወር መቀመጥሽን ይህ ወረቀት ነግሮልሻል። ቁጭ ብለሽ ምን እንደሠራሽ የሚናገር ሌላ ወረቀት የለሽም። ማመልከቻሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አሁን ስለ ፈቃዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ።

ወጣቷ ጀርባው ባዶ በሆነ ወረቀት ላይ ጻፈች፤ አነበበችላቸውም። «የሠራተኞች የፈቃድ መረጃ አያያዝ ዘመናዊ እንዲሆን ተደርጓል።»

እትዬ፦ ማን አደረገው?

ወጣቷ፦ እኔና እሷ ነና።

እትዬ፦ እዚህ ላይ ማንም የለም። «ተደርጓል» ይላል። መንግሥት ያድርገው፣ ዝናብ ያድርገው አይታወቅም።

ወጣቷ፦ «እኔ፣ እኔ» ላለማለት ነው እትዬ።

እትዬ፦ አማርኛ እኮ «እኔ» ሳትዪም ያወጣሻል። «አዘጋጀሁ» ካልሽ እዚያች «ሁ» ላይ ቁጭ ብለሻል። ሌላ መጮኽ አያስፈልግሽም። ሁለታችሁ የሠራችሁትን «አስገባን» በዪ፣ ብቻሽን የሠራሽውን «አዘጋጀሁ» በዪ። ፊደሏ ድርሻሽን ትለያለች።

ይህ ምክር ከአማርኛ ግስ ጠባይ የመነጨ ነው፤ ስለዚህም ከእንግሊዝኛ በተቀዱ የማመልከቻ መመሪያዎች ውስጥ አይገኝም። የቢሮ አማርኛችን «ተደርጓል»፣ «ተከናውኗል»፣ «እየተሠራ ይገኛል» በሚሉ ግሶች ተሞልቷል። ለሪፖርት ተመችተውን ይሆናል፤ ማመልከቻ ላይ ሲገቡ ግን ሠሪዋን ከገዛ ሥራዋ ያስወጧታል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ድርጅት ማመልከቻ የሚፈልገው በእንግሊዝኛ መሆኑ እውነት ነው፤ እትዬም ይህን አልካዱም። «መጀመሪያ በአማርኛ ለእኔ እንደምትነግሪኝ ጻፊው፤ የሆነውን ነገር ከያዝሽ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ይገባል። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ከጀመርሽ የምታገኚው የጓደኛሽን ዓረፍተ ነገር ነው» ነበር ያሏት። ዛሬ በቻትጂፒቲ ለሚጽፉትም ያው ነው፤ ያልተነገረውን ቅዳሜና ያልተነገረውን ማህደር ከየትም አያመጣላቸውም።

ሻይ ቀረበ። ዝናቡ ጋብ አለና የሳሎኑ ድምፅ ዝቅ አለ። እትዬ ወደ ሦስተኛው አንቀጽ አለፉ። ወጣቷ በጣም የምትኮራበት አንቀጽ እሱ ነበር። በፋብሪካው አንድ ክፍል ውስጥ የምትሠራ ሴት ከፈረቃ አለቃዋ ጋር ተጣልታ፣ ነገሩ ከቤቷ ችግር ጋር ተያይዞ፣ እሷ ሁለቱን አነጋግራ እንዴት እንዳስታረቀቻቸው ይተርካል። የሴትየዋ ስም አለ። የክፍሉ ስም አለ። የቤቷ ችግር ምን እንደሆነም ተጽፏል።

እትዬ ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

እትዬ፦ ይቺ ሴት ችግሯን ለማን ነው የነገረችው?

ወጣቷ፦ ለእኔ። በር ዘግተን።

እትዬ፦ አሁን ደግሞ የማታውቀው ፋብሪካ ውስጥ ሦስት ሰው ሊያነበው ነው።

ወጣቷ፦ እትዬ፣ እኔ እኮ የመግባባት ችሎታዬን ለማሳየት...

እትዬ፦ ገብቶኛል ልጄ። ክፉ አላሰብሽም። ግን እኔ ያንን ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህን ባነብ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ይቺ ልጅ ነገ ከእኛ ስትወጣ ስለ ሠራተኞቻችን ምን ትጽፍ ይሆን?» ለሒሳብ ሠራተኛ ቢሆን ይቅር እላለሁ። የሰው ሀብት ሠራተኛ ግን የሰውን ሕመም ታውቃለች፤ ማን ልጁን ለማሳከም እንደተበደረ፣ ማን ማስጠንቀቂያ እንደተጻፈበት ታውቃለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? የጽሑፍ ወለምታ ደግሞ ማህደር ውስጥ ይቀመጣል።

ወጣቷ ፊቷ ቀላ። አንቀጹን በሙሉ ልትሰርዘው እስክሪብቶ አነሣች፤ እትዬ እጇን ያዙት።

እትዬ፦ ሥራውን አትሰርዢው፤ ሥራው የሚያኮራ ነው። ሴትየዋን ብቻ አውጫት። «በሠራተኛና በቅርብ አለቃ መካከል የተነሡ አለመግባባቶችን፣ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ከመድረሳቸው በፊት ሁለቱንም ወገን ለየብቻ አነጋግሬ አስማምቻለሁ» በዪ። ስንት ጊዜ ነው?

ወጣቷ፦ ሦስት። አንዱ ግን አልተሳካም፤ ኮሚቴ ሄደ።

እትዬ፦ እንግዲያው «ከሦስቱ ሁለቱ» ብለሽ ጻፊ።

ወጣቷ፦ ያልተሳካውንም?

እትዬ፦ ከሦስት ሁለት ያለ ሰው ቆጥሯል ማለት ነው። ሁልጊዜ ይሳካልኛል ያለ ሰው አልቆጠረም። ስምና ዝርዝር ሳትነግሪው ሲቀር ደግሞ አንባቢው ሌላ ነገር ያነባል፤ ምስጢር ጠባቂነትሽን። «ምስጢር ጠባቂ ነኝ» ብለሽ ብትጽፊ ግን ከሌሎቹ ስድስት ቃላት ሰባተኛ ነው የሚሆንልሽ።

ስለ አሠሪዋም ደንቡ ያው ነው አሉ እትዬ። ወጣቷ ከፈረቃ መዝገቡና ከትርፍ ሰዓት ክፍያው ልዩነት አግኝታ እንደነበር ነገረቻቸው፤ የሌሊት ሰዓት የቀን ሆኖ የተመዘገበባቸው ወራት ነበሩ። በአዋጁ መሠረት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው የሰዓት ደመወዝ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75 ይባዛል፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ልዩነቱ በአንድ ሰዓት ሲታይ ትንሽ ነው፤ በፈረቃ ለሚሠሩ መቶ ሰዎች ሲደመር ግን ወር የሚያስጮኽ ቅሬታ ይሆናል። «ፋብሪካው ሲሳሳት ነበር ብለሽ አትጻፊ» አሏት፤ «ከክፍያ በፊት የትርፍ ሰዓቱን ከፈረቃ መዝገቡ ጋር ማመሳከር ጀመርኩ በዪ። እሱ የአንቺ ነው። ስሕተቱ የእነሱ ነው፤ እዚያው ይቅር።»

እትዬ፦ ለመሆኑ ማስታወቂያው ላይ «ፈረቃ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ ተጽፏል?

ወጣቷ ስልኳን አውጥታ ፈለገች። ሦስት ጊዜ ነበር።

እትዬ፦ ያመማቸውን ነግረውሻል። እና የአንቺ የፈረቃ ሥራ የት ነው ያለው? የትም የለም። የፈቃዱን ሁለተኛ አድርጊው። የትርፍ ሰዓቱ ከላይ ይግባ።

እንዲህ ያለ ቅደም ተከተል ቀድሞም የታወቀ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1482 ገደማ፣ ሠላሳ ዓመት አካባቢ የነበረው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ለሚላኑ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የሥራ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ነበር፤ ረቂቁ እስከ ዛሬ አለ። ዓለም በሠዓሊነቱ የሚያውቀው ይህ ሰው ስለ ሥዕል የጠቀሰው ወደ መጨረሻው ነው። ከላይ የደረደረው ተንቀሳቃሽ ድልድይ፣ የምሽግ ማፍረሻ፣ የመድፍና የሽፍን ሠረገላ ዕቅድ ነው፤ ገዥው የሚያሳስበው ጦርነት ነበርና። የደብዳቤው ማሳረጊያ ደግሞ ይበልጥ ደፋር ነው፤ ከዘረዘርኩት ውስጥ አይቻልም የሚባል ካለ፣ በፈለጉት ቦታ ሠርቼ ላሳይ ይላል።

ወጣቷ፦ እኔ ምን ሠርቼ ላሳይ እላለሁ?

እትዬ፦ ባትዪም ያሠሩሻል። የሙከራ ጊዜ አለ አይደል?

የሙከራ ጊዜ በቀድሞው አዋጅ 45 ቀናት ነበር፤ አሁን ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለቦታው ካልሆነ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብተው ይችላል። ይህን የምታስፈጽመው ደግሞ ራሷ የሰው ሀብት ባለሙያዋ ናት፤ ደብዳቤ ላይ የተጻፈ ብርታትና ወንበር ላይ የተገኘ ሰው ሲለያዩ የመጀመሪያውን ወረቀት የምታዘጋጅ እሷ ናት። እትዬ እንዲህ ያሉ የስንብት ደብዳቤዎችን በእጃቸው ጽፈዋል። አንዱን ሲያስታውሱ አሁንም ድምፃቸው ይወርዳል፤ ኤክሴል በደንብ እችላለሁ ብሎ የገባ ልጅ ነበር፤ አለመቻሉን ቢናገር እናስተምረው ነበር ይላሉ።

ወጣቷ «የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ጠንቅቄ አውቃለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገርም ነበራት። እትዬ የወሊድ ፈቃድ ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቋት፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ብላ ወዲያው መለሰች። በፊትስ? ከወሊድ በኋላ ያለው 60 ቀን ነበር አለች። ለአባትስ? ሦስት ተከታታይ ቀናት፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። እውነትም ታውቃለች። «ጠንቅቄ» የምትለዋን ቃል ግን እትዬ አወጧት፤ የትርፍ ሰዓቱን ሥራ ያነበበ ሰው ሕጉን ማወቋን ከዚያው ያገኘዋል።

በሲቪዋ መጨረሻ ላይ ሃይማኖቷና «ያላገባች» የሚል ተጽፎ ነበር። አዋጁ በሠራተኞች መካከል በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በመሳሰሉት አሠሪው ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ለሰው ሀብት ሥራ የሚያመለክት ሰው እነዚህን ያለ ጥያቄ ማቅረቡ ሙያውን አለማወቅ ያስመስልበታል። ተሰረዘ፤ ክርክር አልነበረም።

ወጣቷ፦ እኔስ ይሁን፣ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ነው የተመረቀችው። እሷ ምን ልትጽፍ ነው?

እትዬ ሳቅ አሉ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ግድም የቀጠሩትን አንድ ልጅ አስታወሱ። ምንም የሥራ ልምድ አልነበረውም። ማመልከቻው ላይ ግን አባቱ የሠፈራቸው እድር ጸሐፊ እንደነበሩ፣ ዓይናቸው ሲደክም መዝገቡን እሱ እንደተረከበ፣ ለሦስት ዓመት የ140 አባላትን ወርኃዊ መዋጮ፣ የለቅሶ ቀሪዎችንና የቅጣት ሂሳብ እንደያዘ ጽፎ ነበር። ቃለ መጠይቅ ላይ እትዬ አንድ ጥያቄ ጠየቁት፤ መክፈል ያቃተው አባል ሲኖር ምን ታደርግ ነበር? ልጁም፣ ስብሰባ ላይ የቀሪዎች ስም ሲነበብ የችግረኞቹን ስም አስቀድሞ ለዳኛው ለብቻ እንደሚያሳይ፣ እንዲታለፍላቸው ከተፈቀደም ስማቸው በሰው ፊት ሳይነበብ እንደሚቀር ነገራቸው።

እትዬ፦ እዚያው ነው የቀጠርኩት። መዝገብ ይይዛል፣ ደንብ ያስከብራል፣ የሰው ገበና ይሸፍናል። የእኛ ሥራ ሌላ ምን ነበረው? እህትሽ ግቢ ውስጥ የክፍል ተወካይ አልነበረችም እንዴ?

ወጣቷ፦ ነበረች። የዶርም ድልድልም አብራ ትሠራ ነበር።

እትዬ፦ በይ እሷም ትምጣ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን አዲሱ ማመልከቻ ተጽፎ አለቀ። ቀኑ፣ «ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል»፣ «ጉዳዩ፦ የሥራ ማመልከቻን ይመለከታል» የሚሉት እንዳሉ ናቸው። መካከሉ ግን እንዲህ ሆኗል፦

«ማስታወቂያችሁ በፈረቃ የሚሠሩ ሠራተኞችን የሚከታተል ባለሙያ እንደምትፈልጉ ይገልጻል። ባለፉት ሁለት ዓመት ከአራት ወራት በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ሠርቻለሁ። የትርፍ ሰዓት ሂሳብ ከመከፈሉ በፊት ከፈረቃ መዝገብ ጋር ማመሳከር የጀመርኩት በመጀመሪያው ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሳይቋረጥ እሠራዋለሁ። ከመዝገብ ቤት ባልደረባዬ ጋር ሆነን የ312 ሠራተኞችን የዓመት ፈቃድ ከማህደር ወደ ኮምፒዩተር አስገባን፤ ሰንጠረዡን ያዘጋጀሁትና አሁንም የምይዘው እኔ ነኝ። ቀድሞ ሦስትና አራት ቀን ይፈጅ የነበረው የቀሪ ፈቃድ መልስ ዛሬ ሠራተኛው እዚያው እንደቆመ ይሰጠዋል። በሠራተኛና በቅርብ አለቃ መካከል ከተነሡ ሦስት አለመግባባቶች ሁለቱን ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ከመድረሳቸው በፊት አስማምቻለሁ።»

ወጣቷ ለራሷ ደግማ አነበበችው። «ይቺ ልጅ ጎበዝ ትመስላለች» አለች ቀስ ብላ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምትናገር ሁሉ።

እትዬ፦ ናታ። «ሦስትና አራት ቀን» የሚለውን ከየት አገኘሽው?

ወጣቷ፦ ቅጹ ላይ የገባበትና የተመለሰበት ቀን ይጻፋል። አሮጌዎቹ ቅጾች ማህደር ውስጥ አሉ፤ አይቻቸዋለሁ።

እትዬ፦ 312ስ?

ወጣቷ፦ 312 ይመስለኛል። ወይ 321 ነው። በመሀል የወጡም የገቡም ነበሩ።

እትዬ፦ ይመስለኛል አይሆንም።

ወጣቷ ስልኳን አንሥታ ለመዝገብ ቤቷ ባልደረባዋ ደወለች። ይጠራል። እስኪነሣ ድረስ ላጲሱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ፣ ቁጥሩን አጠፋችና ቦታውን ክፍት ተወችው።